አሥራ ሰባት እግር፣ አንድ ቁጥር

በሦስተኛው ዴፖ በሦስት ወር ውስጥ ከተፈተኑት ሾፌሮች አሥራ ሰባቱ ልክ ሁለት መቶ ሃምሳ አመጡ። ሁለት መቶ አርባ ዘጠኝ ያመጣ የለም፤ ሁለት መቶ ሃምሳ አንድም ያመጣ የለም። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ሦስት ጊዜ ካነበበ በኋላ መነጽሩን አወለቀና፣ «ይቺ ሴትዮ ቁጥሩን ከራሷ ነው የምታወጣው» አለ። በክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ለራሱ ነው ያለው።

የአውቶቡስ ድርጅቱ ሕግ ቀላል ነው። ማንኛውም ሾፌር በየሦስት ወሩ በዴፖው ነርስ፣ በ«ሲስተር» ፊት፣ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ፊት ለፊቱ ቀይ መብራት አለ፣ ከእግሩ ሥር ፍሬን አለ። መብራቱ ድንገት ሲበራ ፍሬኑን ይረግጣል። ኮምፒውተሩ ከመብራቱ እስከ እርግጫው ያለውን ጊዜ በሰከንድ አንድ ሺህኛ ይለካል። አምስት ጊዜ ይረገጥና መሃለኛው ቁጥር ይያዛል። ከሦስት መቶ በላይ ያመጣ ሰው ለሦስት ወር ከመሪው ይወርዳል፤ ከዚያ እንደገና ይፈተናል።

ድርጅቱ ሰባት ዴፖ፣ ማለትም ሰባት የአውቶቡስ ማደሪያ ግቢ፣ አለው። የስድስቱ ውጤት እንደተበተነ ጥራጥሬ ነው፦ 241፣ 268፣ 253፣ 277። የሦስተኛው ዴፖ ግን እንደ ወታደር ተሰልፏል። አሥራ ሰባት ሰው 250፣ አሥራ አራት ሰው 234፣ አሥራ አንድ ሰው 281።

ሾፌሮቹ ተቆጣጣሪውን በስሙ አይጠሩትም፤ «ይጣራ» ነው የሚሉት። ሃያ ሁለት ዓመት በቁጥጥር ክፍል ሲሠራ ከአፉ ያልወደቀች ቃል እሷ ስለሆነች ነው። ጎማ ቢፈነዳ ይጣራ፣ ሻይ ቢቀዘቅዝ ይጣራ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በማንም ላይ ሳያይ አልፈረደም። ግን «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» የሚለውን ተረት አባቱ ያወረሱት ይመስል አጥብቆ ይዞታል።

ጥርጣሬውን ያቀጣጠለው ደግሞ ስም የሌለው ደብዳቤ ነበር። አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። «ሲስተር ወንድሟን በ297 አሳለፈችው፤ ሌላውን ሾፌር በ312 ከመሪው አወረደችው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የእናት ልጅነት ብቻ ነው» ይላል።

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን አንብበው ብዙ አላወሩም። ሲስተሯን ከሥራ የሚያግድ ወረቀት አስጽፈው፣ ፈርመው፣ ማኅተም አስመትተው ለይጣራ ሰጡት። «ሂድና እይ። እውነት ከሆነ ስጣት፤ ካልሆነ ቅደደው» አሉት። ይጣራ ወረቀቱን አጥፎ የኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተው። በማግሥቱ ጠዋት ለማንም ሳይናገር ወደ ሦስተኛው ዴፖ ሄደ።

የበሩ ዘበኛ ገና ከሩቅ አወቀው። «ማን መጣ ልበል?»

«ማንም መጣ አትበል።»

«ይሁን። እንግዲያው ዛሬ አንድ ሰው ሊያለቅስ ነው» አለ ዘበኛው በሩን እየከፈተ።

ግቢውን አቋርጦ የሕክምና ክፍሉ ጋ እስኪደርስ ወሬው ቀድሞት ነበር። ከአውቶቡስ ሥር የተኛ መካኒክ ሁለት እግሩ ብቻ እየታየ አፏጨ፤ ከወዲያኛው ጋራዥ ሌላ ፉጨት መለሰለት።

ሲስተር አምሳ ዓመት የሞላት፣ አጭር፣ ነጭ ጋዋኗን እስከ አንገቷ የቆለፈች ሴት ናት። ይጣራ በሩን ሲከፍት አንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር። አየችው። ደብተሩን ዘጋችው፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፣ ቆለፈችው፣ ቁልፉን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ጨመረችው። አራቱንም ነገር በልቡ መዘገበ።

«እንደምን አደሩ ሲስተር። ሥራዎን ይቀጥሉ፤ እኔ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ።»

«ጥጉን ቁም ሳጥኑ ይዞታል። ወንበሩ ላይ ይቀመጡ» አለችው።

ክፍሉ ጠባብ ነው። መስኮቱ በካርቶን ተሸፍኗል። ግድግዳው ላይ ቀዩ መብራት፣ ከሥሩ ከተጣለ አውቶቡስ የተነቀለ የሾፌር መቀመጫና ፍሬን። ጠረጴዛው ላይ ከዕድሜ ብዛት ነጭነቱ ወደ ቢጫ የሄደ ኮምፒውተር፤ አጠገቡ አቧራ መከላከያው ጨርቅ በአራት መዓዘን ታጥፏል። ኮምፒውተሩ ሲሠራ አስም እንዳለበት ሰው ያጓራል።

የመጀመሪያው ሾፌር ገብቶ ይጣራን ሲያይ ደነገጠ። «ሲስተር፣ ዛሬ ደግሞ ምስክር አለ እንዴ? ልታጋቢኝ ነው?»

«እግርህን አዘጋጅ፣ አፍህን ዝጋ» አለችው።

መብራቱ በራ፣ ፍሬኑ ጓ አለ። አምስት ጊዜ። መሃለኛው ቁጥር፦ 250። ይጣራ ዓይኑን ከሲስተር እጆች ላይ አልነቀለም፤ ሁለቱም ጭኗ ላይ ተኝተዋል። ሁለተኛው ሾፌር፦ 234። ሦስተኛው፦ 250። አራተኛው፦ እንደገና 250። እጆቿ አልተነቃነቁም። «እንግዲህ በእጇ ካልሆነ በሌላ ነገር ነው» ብሎ አሰበና ሾፌሮቹ ሲወጡ ተንበርክኮ ጠረጴዛው ሥር ገባ። የተደበቀ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የማይታወቅ ሽቦ ፈለገ። ያገኘው ሁለት ገመድና አንድ የጠፋ እስኪርብቶ ነው።

«የጠፋብዎ ነገር አለ?» አለችው ከላይ።

«ገመድ እያየሁ ነው።»

«ለእኔ አንገት ከሆነ ረጅሙን ይምረጡ።»

ወጣና ጉልበቱን አራገፈ። «መሳቢያው ውስጥ የቆለፉት ምንድን ነው?»

«የግሌ ነው።»

«በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ የግል ነገር የለም፣ ሲስተር።»

እጇን ቁልፉ ያለበት ኪስ ላይ አኖረች። አንገቷም ቀላ። ይጣራ ከዚህ በኋላ ነገሩ ያለቀ መሰለው፤ በኪሱ ያለው ወረቀት ደረቱን ሲጭነው ተሰማው። ሲስተር በዚህ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ወረቀቱ ከእጁ ከወጣ አሥራ ዘጠኙ ዓመት በአንድ ጠዋት ያልቃል፤ ስሟም «ወንድሟን የምትጠቅም» ሆኖ ይቀራል።

ለማንኛውም ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና በግልጽ ጠየቃት። «የዘጠኝ ቁጥር መስመር ሾፌር ወንድምዎ ነው?»

«አዎ። ‹ዝሆኔ› ነው የሚሉት። የአባቴም የእናቴም ልጅ ነው፤ ደብቄ አላውቅም።»

«297 አምጥቷል።»

«አዎ።»

«ጢሞ የሚሉት ሾፌር ደግሞ 312 አምጥቶ ወርዷል።»

«አዎ።»

«በሦስት ነጥብ ብቻ አለፈ ወንድምዎ። አሥራ ሰባት ሰው ደግሞ አንድ ቁጥር አመጣ። እስቲ እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ይላሉ?»

ሲስተር ከወንበሯ ተነሳች። ቁመቷ ደረቱ ጋ ነው የሚደርሰው፤ የዚያን ጊዜ ግን ያነሰችው አልመሰለውም። «እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን፣» አለች፣ «ጠረጴዛ ሥር ከመግባቴ በፊት መጀመሪያ እዚያ ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። ይቀመጡ። ራስዎ ይርገጡት።»

ተቀመጠ። ለቁጣ ሳይሆን ለማጣራት ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። እሷን ከጠረጴዛው አርቆ በሩ ጋ አቆማት። ቀዩ መብራት ሲበራ ረገጠ። 281። እንደገና፤ 297። 281። 266። 297። መሃለኛው፦ 281።

ይጣራ ከኪሱ የሾፌሮቹን ዝርዝር አወጣ። አሥራ አንድ ሰው 281። እሱ አሥራ ሁለተኛ መሆኑ ነው። ዘመዷ አይደለም፤ ወዳጇም አይደለም።

ሆን ብሎ ዘገየ፦ 312። ትንሽ ቸኮለ፦ 297። በመካከል ሊያቆመው ሞከረ፤ ሃያ ጊዜ ረገጠ፣ የእግሩ ባት እስኪቃጠል። አንዴም እንኳ 290 አላመጣም፤ አንዴም 300፣ አንዴም 305 አላመጣም። ወይ 297 ወይ 312።

ተነስቶ የዝርዝሩን ጀርባ ገለበጠና በእያንዳንዱ ስም ፊት የተጻፉትን ልዩ ልዩ ቁጥሮች ብቻ ለይቶ ጻፈ። ሰባ ሰው ተፈትኖ የተገኙት ቁጥሮች ዘጠኝ ብቻ ናቸው፦ 203፣ 219፣ 234፣ 250፣ 266፣ 281፣ 297፣ 312፣ 328። በእያንዳንዱ መካከል አንዳንዴ አሥራ አምስት፣ አንዳንዴ አሥራ ስድስት። መሰላል ነው። መሰላል የሚወጣ ሰው በእርከኖቹ መካከል እግሩን ማሳረፍ አይችልም።

ውሸታም ሰው ቁጥር ሲፈጥር እንዲህ አይፈጥርም። ይጣራ በሃያ ሁለት ዓመት ብዙ የተፈጠረ ቁጥር አይቷል፤ ሰው ሲዋሽ እውነት እንዲመስልለት 243 እና 259 ነው የሚጽፈው።

«ይህንን ያውቁ ነበር?» አላት። ድምፁ ቀንሷል።

ሲስተር ወደ መሳቢያው ዞረች። ከዚያ ቁልፉን አውጥታ መሳቢያውን ከፈተችና ሰማያዊውን ደብተር ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ያልሰጠሁዎት ፈርቼ ነው። ‹ከኮምፒውተሩ ወደ ደብተር መገልበጥ ክልክል ነው› የምትለዋ ማስታወሻ የእርስዎ ናት።»

እውነቷን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ውጤት በእጅ እየተጻፈ ሲዘባረቅ ያወጣት ናት። ደብተሩን ገለጠ። የመጀመሪያው ገጽ አዲሱ የመፈተኛ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነበት ቀን ነው። በንጹሕ የትምህርት ቤት ጽሕፈት፣ «ኮምፒውተሩ ዛሬ ጠዋት ሲከፈት ይህን ጻፈ» ይላል፤ ከሥሩ፦ «በዚህ ማሽን ላይ ረቂቅ የሰዓት አገልግሎት አልተገኘም። በተለመደው ሰዓት እሠራለሁ። ውጤቱ ሊጓደል ይችላል።» በማግሥቱም ያው። ስምንት ቀን ያው መልዕክት ከነቀኑ ተገልብጧል። ዘጠነኛው ቀን ላይ፦ «ዛሬ መልዕክቱ ጠፋ። ጠግነውታል ማለት ነው፤ ይስጣቸው።»

ይጣራ «ይስጣቸው» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አነበባት።

ስልኩን አውጥቶ ፕሮግራሙን የሠራው ልጅ ጋ ደወለ። ልጁ ዋናው መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚሠራው።

«ድምፁን ከፍ ያድርጉት» አለች ሲስተር። «የተከሰስኩት እኔ ነኝ፤ እኔም ልስማ።»

ከፍ አደረገው። ያየውን ሲነግረው ከዚያ ወገን የወንበር ጩኸት ተሰማ፤ ልጁ ቀና ብሎ ሳይቀመጥ አልቀረም።

«ጋሼ፣ የሦስተኛው ዴፖ ኮምፒውተር እኮ የጥንት ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም አሮጌ ነው። አዲሶቹ ሲስተሞች ሰዓትን አብጠርጥሮ የሚሰጥ አገልግሎት አላቸው፤ አሮጌው ውስጥ ያ ነገር ጭራሽ አልተፈጠረም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲነሳ መጀመሪያ አለ ወይ ብሎ ይፈልጋል፤ ካጣው የድሮውን ሰዓት ይወስዳል። እንዲህ ባላደርግ ኖሮ እዚያ ማሽን ላይ አይነሳም ነበር።»

«የድሮው ሰዓት ምን ጉድለት አለበት?»

«ለቀንና ለሰዓት ምንም። ግን በሰከንድ ስድሳ አራት ጊዜ ብቻ ነው የሚራመደው። በር ላይ የቆመ ዘበኛ ያስቡ። በሰከንድ ስድሳ አራት ጊዜ ብቻ በሩን ይከፍታል። በመካከል የመጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፤ በሩ ሲከፈት አብረው ይገባሉ፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት እንደደረሱ ይጻፋል።»

«ስለዚህ 303 ያመጣ ሰው…»

«እንደ ዕድሉ ነው ጋሼ። ወይ 297 ይባላል ወይ 312።»

ኮምፒውተሩ አጓራ። ሲስተር አንድ እጇን ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች።

ይጣራ ግን አልጨረሰም። አሁን ጥርጣሬው ወደ ልጁ ዞሯል። «ታዲያ ፕሮግራምህ ይህን እያወቀ ለምን ዝም አለ? በዝምታው ምክንያት ሰው ሊባረር ነበር እኮ!»

ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መጀመሪያ ዝም አላለም፣ ጋሼ። በየጠዋቱ ይናገር ነበር። ከዚያ ሾፌሮች አይተውት ተረበሹ፣ ስልክ በዛ ተባለ፤ ማስታወሻ ቁጥር 31 መጣልኝ። ‹ሠራተኛን የሚያስደነግጥ መልዕክት በሙሉ ከዛሬ ጀምሮ ይጥፋ› የምትል።»

«ማን ፈረማት?» አለ ይጣራ። መልሱን ግን ጥያቄው ከአፉ ሳይወጣ ነው ያወቀው።

«ይጣራ… ይቅርታ፣ ጋሼ… እርስዎ።»

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ስልኩ ለአምስተኛ ጊዜ ሲጮህ፣ መልዕክቱ ምን እንደሚል እንኳ ሳይጠይቅ የፈረማት ወረቀት ነበረች። ሁሉን «ይጣራ» የሚለው ሰው ያችን ብቻ አላጣራም።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለች ሲስተር፣ ለመብራቱ እንደምትነግር ወደ ግድግዳው ዞራ።

ይጣራ ሰማት። «ሊስተካከል ይችላል?» አለ ወደ ስልኩ።

«ይችላል። አሮጌው ማሽን ውስጥም ቢሆን ስንት ሰዓት እንደሆነ የማያውቅ፣ ዝም ብሎ ብቻ የሚቆጥር ቆጣሪ አለ። በጣም በፍጥነት ነው የሚቆጥረው። መብራቱ ሲበራ ስንት ላይ እንደነበር፣ ፍሬኑ ሲረገጥ ስንት ላይ እንደደረሰ እይዛለሁ። ቀኑን ከድሮው ሰዓት፣ ልዩነቱን ከቆጣሪው። በሁለት ቀን ይደርሳል።»

«ይህን መጀመሪያውኑ ለምን አላደረግኸውም?»

«አላሰብኩትም ጋሼ። በር እያለ በመስኮት መግባት ለማን ይታሰበዋል?»

«ቆጣሪው ትክክል ለመሆኑስ ምን ማረጋገጫ አለን?»

«ይጣራ» አለች ሲስተር። ስልኩ ውስጥ ልጁ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ተጣራም። በሦስተኛው ቀን ልጁ የተስተካከለውን ፕሮግራም ይዞ መጣ፤ ይጣራ ደግሞ ከአራተኛው ዴፖ አንድ አዲስ ኮምፒውተር አስጭኖ አመጣ። ሁለቱን ማሽኖች ከአንድ መብራትና ከአንድ ፍሬን ጋር አያያዟቸው። ይጣራ ሠላሳ ጊዜ ረገጠ፤ አሮጌውና አዲሱ ወይ እኩል ጻፉ ወይ በአንድ ተለያዩ። 289። 294። 276። ሲስተር ከዚያ ኮምፒውተር 289 ሲወጣ ስታይ ፕሮግራሙ ከተጫነ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ 297 እና 312 ያመጡት ሾፌሮች ሁሉ ተጠሩ። ወንድሟ በር ላይ ሲደርስ ሲስተር ቁልፉንም ደብተሩንም ለይጣራ አስረክባ ወጣች። «እሱ እስኪጨርስ ግቢው ውስጥ ነኝ» አለች፤ «ቁጥሩን ግን እኔ ነኝ የምነግረው።»

ዝሆኔ እንደ ስሙ ነው፤ መቀመጫው ሲቀበለው አቃሰተ። ረጋ ብሎ፣ ላብ ላብ እያለው፣ አምስት ጊዜ ረገጠ። ከእሱ ቀጥሎ ጢሞ ገባ፤ ጢሙን በጣቱ እያሸ ረገጠ። ይጣራ ሁለቱንም ቁጥሮች በወረቀት ጽፎ ወጣና ለሲስተር ሰጣት።

አነበበችው። ወረቀቱን አጠፈችው። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ወደቆሙት ሁለት ሰዎች ሄደች። «አንተ 303» አለችው ወንድሟን። «አንተ ደግሞ 306። ሁለታችሁም ወርዳችኋል።»

ዝሆኔ ራሱን እያከከ፣ «ሦስት ወር እግረኛ ነኝ በይኛ» አለ። እህቱን አልተቆጣትም። እሷ ግን እጁን ያዝ አድርጋ፣ «ዓይንህን ትታያለህ። ነገ እኔ ራሴ ነኝ የምወስድህ» አለችው።

ጢሞ ቁጥሩን ሰምቶ መጀመሪያ ተናደደ፣ ቀጥሎ አሰበ፣ በመጨረሻ አፈረ። የሁለት ወር ቂም ለሦስት ሺህኛ ሰከንድ ነበር። «ሲስተር፣ ያቺን ደብዳቤ የጻፍኳት እኔ ነኝ» አለ።

«አውቃለሁ። ‹የእናት ልጅነት› የምትል ቃል ከአንተ በቀር ማን ያወጣታል?»

«ና» አለው ዝሆኔ ለጢሞ፣ «አግዳሚ ወንበሩ ሰፊ ነው።»

«አንተ እስክትቀመጥበት ነው ሰፊ የሚሆነው» አለ ጢሞ፤ ግን ሄደ።

ይጣራ የእግድ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ሲስተር ፊት አራት ቦታ ቀደደው። እስከዚያች ደቂቃ መኖሩን አታውቅም ነበር። ብጣሹ ላይ ማኅተሙንና የራሷን ስም ስታይ ከንፈሯ ነጣ። «ይህን ሁሉ ቀን ደረትዎ ላይ ይዘውት ነበር?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሪፖርቱን ሲጽፉ አየዋለሁ። አሁን ደግሞ እኔ ነኝ የምጠረጥረው።»

ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጦ ጻፈ። ሲስተር ጥፋት እንደሌለባት፣ ቁጥሩን ያበላሸው አሮጌው ሰዓት እንደሆነ ጻፈ። ስለ መልዕክቱ ሲደርስ እስኪርብቶው ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ፣ «የማስጠንቀቂያ መልዕክቱ በኋላ ከኮምፒውተሩ ላይ ጠፍቷል» ብሎ አለፈ።

ሲስተር በትከሻው በኩል አነበበችው። «ጠፍቷል? በእግሩ ነው የሄደው?»

ይጣራ መስመሩን አየው። ሃያ ሁለት ዓመት የሌሎችን እንዲህ ያለ መስመር በቀይ ሲያሰምርበት ኖሯል። ሰረዘውና ከላዩ ጻፈ፦ «መልዕክቱ ምን እንደሚል ሳላጣራ፣ በማስታወሻ ቁጥር 31 እንዲጠፋ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።» ፈረመ። ወረቀቱን አቀበላት፤ እሷም እስከ ታች አንብባ መለሰችለት።

ከመውጣቱ በፊት ልጁ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ እንደገና አስነሳው። ስክሪኑ አናት ላይ አንድ መስመር መጣ፦ «ረቂቅ የሰዓት አገልግሎት አልተገኘም። ዛሬ የምለካው በቆጣሪው ነው።»

ሲስተር መነጽሯን አስተካክላ ሰማያዊውን ደብተር ገለጠች። እስኪርብቶዋን ፈለገች፤ አልነበረም። ይጣራ ከጠረጴዛው ሥር ያገኘውን እስኪርብቶ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት፤ እሷም ቀኑን ጻፈች፣ ከዚያ መልዕክቱን ቃል በቃል መገልበጥ ጀመረች።